ስፒሎቹ አፌ ውስጥ እያሉ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ከአክስቴ ጋር ቀጠሮ ነበረን፤ እኔ ደግሞ ከማለዳ ጀምሬ አንዲት ቁጥር መናገር እለማመድ ነበር። ቁጥሯ ሺህ ስምንት መቶ ናት። ቀላል ትመስላለች። ዳቦ ቤት ገብታችሁ "ስንት ነው?" ስትሉ ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል ይነግራችኋል፤ አያልበውም፣ እጁም አይንቀጠቀጥም። እኔ ግን ክፍሉ መሃል ቆሜ፣ ልብስ የምለካባትን አሻንጉሊት ፊት ለፊት እያየሁ፣ "ሺህ..." እልና ጉሮሮዬ ይዘጋል። አሻንጉሊቷ ራስ የላትም። ጆሮ ለሌላት እንኳ ዋጋ መናገር አቃተኝ።

አፍ የለኝም ማለቴ አይደለም። ለአንድ የበሰበሰ ቲማቲም ከአትክልት ሻጭ ጋር ጎረቤት የሚሰማው ጭቅጭቅ እገጥማለሁ። ባለቤቴ "ምላስሽን ከመቀስሽ ጋር ነው የምትስያት" ይለኛል። የገዛ እጄ ዋጋ ሲነሳ ግን ያች ምላስ ከድታኝ ትጠፋለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከስፒል ነው። ልብስ ስለካ ስፒሎቹን በከንፈሬ ነው የምይዘው። ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝም፣ ገና እግሬ ፔዳሉ ላይ በቅጡ ሳይደርስ ስፌት መኪና ላይ ያስቀመጠችኝም እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ ለሰው ስትሰፋ ስፒል ከአፏ ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ ያቆመችው ዓይኗ ሲደክም ነው። እኔም የባለሙያ ወጉ ይኸው መስሎኝ ያዝኩት።

ደንበኛዋ ያልተጨረሰውን ልብስ ለብሳ መስታወቱ ፊት ትቆማለች፤ እኔ ጫፉን ላስተካክል እንበረከካለሁ፣ አፌ ውስጥ ስድስት ስፒል አለ። ይኼኔ ከላይ ድምፅ ይመጣል። "እና... ሰባት መቶ ይሁና?" እኔ መናገር አልችልም። ቀና ብዬ አያለሁ፣ "እም" እላለሁ። እሷ "ተባረኪ!" ትላለች። ስፒሎቹን ጨርሼ ስነሳ ዋጋው ተቆርጦ፣ ተመርቆ፣ አልቆ እደርስበታለሁ። ከምርቃት በኋላ "ኧረ አይሆንም" እንዳልል ደግሞ ይሉኝታ አለ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ ገንዘብም አይገባም።

እንዲህ ሆኜ ስምንት ወር ሠራሁ። ከዚያ በፊት ልብስ ፋብሪካ ነበርኩ፤ ስድስት ዓመት የሸሚዝ የግራ ኪስ ስሰፋ ኖርኩ። የግራውን ብቻ። ያለቀ ሸሚዝ ሰው ላይ አይቼ "ይቺ ኪስ የኔ ናት" ብዬ አላውቅም፤ የት ሄዶ ማን እንደሚለብሰው አይነገረንም። ከኋላችን ደግሞ የሩጫ ሰዓት የያዘ ሰውዬ ይንጎራደዳል፤ እያንዳንዳችን አንዱን ኪስ በስንት ሴኮንድ እንደምንጨርስ ይጽፋል። "ሰዓቱ" እንለው ነበር። ሳስነጥስ እንኳ የሚመዘግብብኝ ይመስለኝ ነበር። ወጥቼ ቤቴ መስፋት ስጀምር ሙሉ ልብስ ከአንገት እስከ ጫፍ በእጄ አለቀ፤ ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ደስታ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሐሙስ ዕለት የፋብሪካው አለቃችን ደወለች። "ወንበርሽን እስከ ሰኞ ጠዋት እይዝልሻለሁ። ከዚያ በኋላ እንዳትቀየሚኝ።" ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ፍሪጁን ገና ከግድግዳው ሳያላቅቅ፣ "ማየት ብቻ ይህን ያህል ነው" ብሎ የሚጀምር ሰው ነው፤ ማንም ጨካኝ ብሎት አያውቅም።

"ሥራ አጥተሽማ አይደለም" አለኝ። "ሥራ እስከ ጣሪያ ተቆልሎልሻል። ዋጋሽን ስለማትናገሪ ነው። እኔ ፋብሪካ ግቢ አልልም፣ ቅሪም አልልም። ግን የአክስትሽን የሚዜ ልብስ እንደ ሌላው በ'እም' ከተቀበልሽው፣ ሰኞ ራስሽ ትሄጃለሽ።"

እውነቱን ነው። አክስቴ ልጇን ልትድር ነው፤ አምስት የሚዜ ቀሚስ አምጥታልኛለች። አምስት ቀሚስ ማለት ከሳምንት በላይ ሥራ ማለት ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ የአክስቴ ዋጋ የሁሉም ዋጋ መሆኑ ነው፤ ከደንበኞቼ ግማሹን የላከችልኝ እሷ ናት፣ እሷ የከፈለችውን ሰምተው ነው የሚመጡት። ለሷ ያላልኳትን ሺህ ስምንት መቶ ለማንም ልል አልችልም።

ቁጥሯን ከሰማይ አላወረድኳትም። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን የሚዜ ቀሚስ ስሰፋ ስልኬን መኪናው ጎን አቁሜ ሰዓት ያዝኩ። የጠላሁትን ሰውዬ ራሴ ሆንኩት ማለት ነው። ቅድ፣ ስፌት፣ ገበር፣ ዚፕ፣ ተኩስ፤ ሲደመር አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ከዚያ ላይ አርባ ደቂቃ ቀነስኩ፤ እጅጌውን ስቆርጥ ሁለቱንም የግራ አድርጌው ነበር። የስድስት ዓመት ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ! የስህተቴን ሰው አላስከፍልም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቀረ። በድሮው በሰባት መቶ፣ ክርና ዚፑ ሲወጣ፣ በሰዓት ሃምሳ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው በሰዓት መቶ ይከፍለኝ ነበር። ሙሉ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት የግራ ኪስ ከምትሰፋዋ ግማሽ ታገኛለች ማለት ነው። ይህን ሳይ ወንበሩን በእግሬ ገፍቼ ተነሳሁ፤ ቆሜ ለሰዓት መቶ አርባ፣ ለክርና ለዚፕ መቶ ዘጠና ደመርኩ፣ ሺህ ስምንት መቶ መጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቅጡ የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛዬ ጉርድና ኮቷን ልትለካ መጣች። የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ወሬዋ የማያልቅ። ኮቱን አለበስኳት። ልክክ ብሏል። ተንበርክኬ የጉርዱን ጫፍ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ውስጥ በኩል አንድ ኪስ ጨምሪልኝ" አለችኝ። "ትንሽ ነገር ናት፣ ላንቺ ምንሽ ነው።"

ትንሽ ነገር ናት! ይቺን ቃል ከመዝገበ ቃላት ማን ባወጣልኝ። የውስጥ ኪስ ማለት ገበሩን መተርተር ነው፣ እንደገና መቁረጥ ነው፣ መዝጋት ነው። አፌ ውስጥ ግን ስፒል አለ።

"እና ለሁለቱም ስምንት መቶ ይሁና?" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አፌን እያየች ነበር። ፊቴን ሳይሆን አፌን። ስፒሎቹን መዳፌ ላይ ተፋሁና፣ "ለምንድነው ሁልጊዜ ስፒል ስይዝ የምትጠይቂኝ?" አልኳት።

ሳቋ ፈነዳ። "ኧረ እኔ አይደለሁም! አክስትሽ ናቸው የመከሩኝ። 'ስፒል አፏ ውስጥ ሲሆን ጠይቂያት፣ ያኔ እሺ ትላለች' አሉኝ። ሁላችንንም ነው እኮ የመከሩን፤ አታውቂም ነበር?"

አላውቅም ነበር። ፊቴ ሲቀያየር አይታ ሳቋን ሰበሰበች። ኮቷን አውልቃ፣ "ሌላ ቀን እንነጋገራለን" ብላ ወጣች፤ ኪሷን ግን በሩ ላይ ሆና አንዴ አስታወሰችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና አሻንጉሊቷ ብቻ እናውቃለን። ክሮቹን ከመደርደሪያው አውርጄ በቀለም ደረደርኳቸው፤ አላማረኝም፣ መልሼ በውፍረት ደረደርኳቸው። የሰፋሁትን ተረተርኩ፣ የተረተርኩትን ሰፋሁ። ስልኬን አንስቼ አስቀመጥኩ። ያሳደገችኝ ሴት! የገዛ አክስቴ ጉሮሮዬን እንዴት እንደሚዘጉት ለሰው ታስተምራለች። "ሥጋ ዘመድ!" አልኳት አሻንጉሊቷን። "አፈርኩ እኮ!" አልኳት። ከዚያ ደግሞ ወዲያው አክስቴ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ደረቴን ስታሽልኝ ትዝ ትለኛለች፣ እልሄ ይሰበራል፣ መልሼ እንዳይሰበር እናደዳለሁ።

ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ወለሉ በክር ተሞልቷል፤ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት።

"ልደውልላትና ልቅር አይደል? አምስቱንም ጨርቅ መልሼ ልላክላት" አልኩት።

"ደውይ" አለ እጁን እየታጠበ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ ፋብሪካ።"

"ታዲያ የተቀጣው ማን ሆነ?" አለኝ። በላ፣ መፍቻውን ይዞ ወጣ። የሚያናድደው ነገር፣ ሁልጊዜ ልክ የሚሆነው ሲወጣ ነው።

ከሚዜዎቹ ጨርቅ የተረፈች ቁራጭ ነበረች፤ ወይን ጠጅ ቀለም። እጄ ሥራ ስላጣ ብቻ አነሳኋት። በእፍኝ የምትያዝ ትራስ አድርጌ ሰፋኋት፣ ውስጧን በጨርቅ ብጥስጣሽ ሞላኋት፣ ከሥር ላስቲክ አደረግሁላትና የግራ እጄ አንጓ ላይ አጠለቅኋት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ሰካሁባት። ከዚያ ወደ አሻንጉሊቷ ዞሬ፣ "ሺህ ስምንት መቶ" አልኩ። ወጣ! ድምፄ የጎረምሳ ድምፅ ይመስል ነበር፣ ግን ወጣ።

አክስቴ ከቀጠሮዋ ግማሽ ሰዓት ቀድማ መጣች። ሁልጊዜም ቀድማ ነው የምትመጣው፤ ሰው ሳይዘጋጅ መያዝ ደስ ይላታል። ሳመችኝ፣ ክሮቹን አየች፣ "ይኼ ምን ዓይነት አደራደር ነው?" አለች። ለራሷ የምሰፋላትን ቀሚስ አመጣሁ። የሙሽራ እናት ናትና ከሚዜዎቹ ሌላ የራሷን ረጅም ቀሚስ አዝዛኝ ነበር። ለበሰችና መስታወቱ ፊት ቆመች። ተንበረከክሁ።

ስለ ድግሱ ታወራለች፤ ስለ ወንበር ኪራይ፣ አማቷ ስለሚሆነው ልጅ ጫማ፣ ስለ ልጇ አመል። ዓይኗ ግን መስታወቱ ውስጥ አፌን ይጠብቃል። አንድ ስፒል ከእጄ አንጓ ነቅዬ ሰካሁ። ሁለተኛ ነቀልኩ። ሦስተኛ። ወሬዋ እየቀዘቀዘ ሄደ።

"ስፒልሽን ምን አደረግሽው?" አለችኝ።

"እጄ ላይ ነው።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከምሳ ወዲህ።"

ልተወው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። "እቴቴ፣ ለደንበኞቼ ምንድነው የምትነግሪያቸው?"

አልካደችም። አክስቴ መካድ አታውቅም። "የባንኳ ልጅ ናት አይደል? አፏ በር የለውም" አለች። "አዎ፣ ብያለሁ። ስፒል ስትይዝ ጠይቋት ብያለሁ።"

"ምን በደልኩሽ?"

"እንዳይሸሹሽ ብዬ ነዋ!" ድምፅዋ ከፍ አለ። "ራሷ የጠራችውን ዋጋ ማን ውድ ነው ይላል? ዋጋሽን ከተናገርሽ ሰው ይሄዳል። ካልተናገርሽ ትንሽም ቢሆን ይሰጥሻል። እኔ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሆኜ ነው ያሳደግሁሽ።"

"ተናግረሽስ ታውቂያለሽ?"

"አንዴ።" ወደ መስታወቱ አየች፣ ግን ራሷን የምታይ አይመስለኝም። "ገና ስጀምር ነው። ለአንዲት ሴትዮ ኮት ሰፋሁ፤ ጨርቁም የኔ፣ ገበሩም የኔ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ስንት ነው አለችኝ፣ ነገርኳት። ኮቱን እንዲህ ገልበጥ አድርጋ አየችውና 'ለዚህ?' አለች። ሌላ ቃል የላትም። 'ለዚህ?' አለች፣ አወለቀችው፣ ወንበር ላይ ትታው ወጣች። ከኋላዋ ሮጬ በግማሽ ውሰጂው አልኳት። ዞራም አላየችኝ። ከዚያ ወዲህ ስፒል ያዝኩ።"

"ኮቱስ?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። በኋላ አንቺ ስትመጪ፣ ያ ክረምት ነበር፣ ቆርጬ አጠበብኩት።"

ወይን ጠጅ ኮት። በሁለቱም በኩል ትልልቅ ኪስ ያለው። አራት ዓመት ለብሼው ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ በየዓመቱ እጅጌውን ስትለቅልኝ አስታውሳለሁ። ልጆቹ "የትልቅ ሰው ኮት" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ ግን ለኔ ተብሎ የተሰፋ ነበር የሚመስለኝ። አንድም ቀን ከየት እንደመጣ አልነገረችኝም።

ቁጥሯ ከጉሮሮዬ ተንሸራታ ስትወርድ ተሰማኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ተይው እቴቴ፣ የፈለግሽውን ስጪኝ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ለዚች ሴት ዋጋ ይጠራል? ሰኞ ፋብሪካ ብገባስ ምን አለበት? የግራ ኪስ ሰው አይገድል።

"እና የሚዜዎቹ ስንት ነው?" አለችኝ ይኼኔ። በቀስታ ነው የጠየቀችኝ። ዓይኗ አፌ ላይ ሳይሆን ዓይኔ ላይ ነበር።

ከንፈሬ ባዶ ነበር፤ የምሸሸግበት ነገር አልነበረኝም።

"አንዱ ሺህ ስምንት መቶ" አልኩ። "አምስቱም እኩል ናቸው፣ ግማሹ ቀብድ። ያንቺን ቀሚስ አልቆጠርኩትም፤ እሱ የኮቱ ነው።"

አክስቴ ያንጠለጠልኩትን የሚዜ ቀሚስ ዞራ አየችው። እጅጌውን ያዝ አደረገች፣ ገልበጥ አድርጋ ገበሩን አየች።

"ለዚህ?" አለች።

ይቅር ለማለት፣ በግማሽ ውሰጂው ለማለት አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ።

"ለዚህ" አልኩ። "አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚፈጀው። ቆጥሬዋለሁ።"

የቀሚሱን እጅጌ አልለቀቀችውም፤ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"እንደሱ ነበር ማለት የነበረብኝ" አለች። "'ለዚህ' ብዬ መቆም ነበረብኝ። ሮጥኩ እኮ፣ ልጄ። ተከትያት ሮጥኩ።"

እግሯን አቀፍኩ፤ ተንበርክኬ ስለነበር የደረስኩበት እሱ ብቻ ነው። ራሴን ዳሰሰችኝ፣ ከዚያ ወዲያው ገፋ አደረገችኝ። "በይ በይ፣ ቀሚሱን በእንባ አታበላሺው። ቦርሳዬን አቀብይኝ። ለባንኳ ልጅም ዋጋው እንደተቀየረ እኔው እነግራታለሁ፤ ካበላሸሁት አይቀር ላቅናው። ለኪስ ደግሞ ለብቻ ታስከፍይ የለ?"

"ከዛሬ ጀምሮ።"

"ከዛሬ ጀምሮ" አለች፤ ቀብዱን ሁለት ጊዜ ቆጥራ መኪናው ላይ አስቀመጠችልኝ። "አሁን ጫፉን ጨርሺልኝ፣ እግሬ ደከመ።"

ወደ ጫፉ ተመለስኩ። ልቤ አልረጋም ነበር፤ ለፋብሪካዋ አለቃ ምን ብዬ እንደምደውል እያሰብኩ፣ ባለቤቴ ሲሰማ የሚያደርገውን ፊት እያየሁ፣ አንድ ስፒል ነቀልኩና ሳላውቀው ወደ ከንፈሬ ወሰድኩት። አክስቴ ከላይ እጄን ቸብ አደረገችው። ስፒሉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ፈለግነው።